ፕሮፔለር ከመግዛት በፊት የሞተሩን ከፍታ ማስተካከል፦ የአንድ ባስ ጀልባ የጉዳይ ጥናት

የጀልባው ሁኔታ

ይህ ጉዳይ 6.1 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ የባስ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባን ይመለከታል። ከሆዱ ሥር፣ መሃል ለመሃል ወደ ኋላ የሚዘልቅ ጠባብና ጠፍጣፋ ክፍል አለው። ባለሙያዎች ፓድ ይሉታል። ጀልባው ፍጥነት ሲይዝ ሌላው አካሉ ከውሃው ይነሳና ክብደቱ በአብዛኛው በዚህ ጠባብ ክፍል ላይ ያርፋል። ከኋላ 250 የፈረስ ጉልበት ያለው አውትቦርድ ሞተር ተሰቅሏል። የማርሽ ሬሾው 1.75 ለ 1 ነው፤ ሞተሩ 1.75 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ ይዞራል። አምራቹ በሙሉ ነዳጅ (የነዳጅ እጀታው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ) የፈቀደው ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር በደቂቃ ነው።

ሞተሩ የታሰረው በቀጥታ በኋላው ግድግዳ ላይ ሳይሆን 10 ኢንች ወደ ኋላ በሚያርቅ ጃክ ፕሌት ላይ ነው። የማራቁ ጥቅም ይህ ነው፦ ውሃው ከጀልባው የኋላ ጠርዝ ከተላቀቀ በኋላ ወደ ላይ ማበጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ ራቅ ብሎ የተሰቀለ ሞተር ከፍ ቢደረግም ፕሮፔለሩ ውሃ ያገኛል። ይህ ጃክ ፕሌት ግን ሃይድሮሊክ አይደለም። ከፍታው የሚቀየረው የጎኖቹን ቡሎኖች አላልቶ የመሃሉን ረጅም ቡሎን በመፍቻ በማዞር ነው፤ እየሄዱ ማስተካከል አይቻልም። ይህ ነጥብ በኋላ ውሳኔውን ቀይሮታል።

ፕሮፔለሩ የማይዝግ ብረት፣ ባለ ሦስት ክንፍ፣ ዲያሜትሩ 14.5 ኢንች፣ ፒቹ 25 ኢንች ነበር። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ቡሎን ጠጣር ነገር ውስጥ ቢዞር በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት ነው።

ችግሩ

ባለ ጀልባው ሦስት ነገር ይዞ መጣ። ጀልባው በሙሉ ነዳጅ ከ97 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያልፍም፤ ሞተሩ 5,200 ላይ ይቆማል፤ መሪውም በከፍተኛ ፍጥነት ይከብዳል። ሞተሩ ጉልበት አጥቷል ብሎ ደምድሞ ነበር።

ለምርመራ ከመምጣቱ በፊትም መፍትሔ ሞክሯል። ፒቹ 23 የሆነ ተመሳሳይ ፕሮፔለር ገዝቶ ገጠመ። ዙሩ ወደ 5,600 ወጣ፣ ፍጥነቱ ግን 96.6 ሆነ። ሞተሩ በደቂቃ 400 ዙር ጨምሮ ጀልባው በግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፒች በ1 ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በግምት ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ስለዚህ ባለ 23ቱ ያመጣው ለውጥ የሚጠበቀው ነበር። አጠር ያለ እርምጃ እየረገጡ ቶሎ ቶሎ መራመድ ማለት ነው፤ የሚደረስበት ቦታ ያው ነው። ጀልባውን የያዘው ነገር ሌላ ከሆነ ፒች መቀነስ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ መንስኤውን አይነካም።

መንስኤውን ለመለየት የስሊፕ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በውሃው ውስጥ የሚንሸራተትበት መጠን፣ ስሌት ይረዳል። ዙሩን በፒቹ አባዝቶ፣ የማርሽ ሬሾው በ656 ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። ውጤቱ ጀልባው ምንም ሳይንሸራተት ሊሄድ የሚችለው ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከዚያ በጂ.ፒ.ኤስ. የተለካው ፍጥነት በመቶኛ ስንት እንደሚጎድል ይታያል። ባለ 25ቱ 5,200 ላይ 113.2 መሄድ ሲገባው 97.2 ሄዷል፤ ስሊፑ 14.1 በመቶ ነው። ባለ 23ቱ ደግሞ 13.9 በመቶ። ሁለት የተለያዩ ፕሮፔለሮች አንድ ዓይነት ስሊፕ ካሳዩ ጥርጣሬው ከፕሮፔለሩ ወደ አቀማመጡ መዞር አለበት።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የታየው

ከፍታውን ከመንካት በፊት ውጤቱን ሊያበላሹ የሚችሉ ነገሮች አንድ በአንድ ተፈተሹ። ይህን ደረጃ መዝለል ፈተናውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ የነዳጅ እጀታው እስከ መጨረሻው ተገፋ። የሞተሩ ስሮትልም ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ የተዘረጋ ወይም የላላ ኬብል ቢኖር ኖሮ ዙሩ ዝቅ ያለው በዚያ ሰበብ ሊሆን ይችል ነበር። የፕሮፔለሩ የመሃል ጎማ አለመሽከርከሩን ለማወቅ በውስጠኛውና በውጪው ክፍል ላይ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ተሰመረ። በሙሉ ነዳጅ ከተሄደ በኋላ መስመሩ ሳይሰበር ተገኘ፤ ጎማው ደህና ነው። የክንፎቹ ጠርዝ በእጅ ተዳሰሰ፤ የታጠፈም የተላጠም አልነበረም።

ሁለት ስህተቶች ግን ተገኙ። አንደኛ፣ በጀልባው ሆድ ውስጥ ከኋላ ፓምፑ የማይደርስበት ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። በባልዲ ሲቀዳ 40 ሊትር ያህል ሆነ፤ 40 ኪሎ ያህል ክብደት ያለ ሥራ ሲጓጓዝ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውሃ ግፊት ወደ ጌጁ የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ በአንድ ቦታ ታጥፎ ነበር። ጌጁ ለሙሉ ነዳጅ 9 ፒ.ኤስ.አይ. ያሳይ ነበር። ቱቦው ሲተካ 24 አሳየ። ሞተር ከፍ የሚደረገው በዚህ ጌጅ እየተመሩ ነው። የተሳሳተ ጌጅ ይዞ ሞተር ማንሳት ደግሞ በጣም አደገኛ ስለሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢዘለል እንኳ ይህ ፍተሻ ሊዘለል አይገባም።

ከፍታው እንዴት ተለካ

ብዙዎች የሚለኩት ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር በማስተያየት ነው። ይህ ለተራ ጀልባ ያገለግላል። ፓድ ላለው ፈጣን ጀልባ ግን የሚያስተማምነው መለኪያ ከፓዱ ግርጌ እስከ ፕሮፔለሩ ዘንግ መሃል ያለው ቁመት ነው።

ጀልባው በተሳቢው ላይ ሆኖ፣ ውሃ ልክ ከፓዱ ግርጌ ጋር ተደግፎ ፓዱ ፍጹም ደልዳላ እስኪሆን የተሳቢው የፊት ጃክ ተስተካከለ። ከዚያ ሞተሩ በትሪም (ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች በሚያዘነብለው ማስተካከያ) ተንቀሳቅሶ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከፓዱ ጋር ትይዩ እንዲሆን ተደረገ፤ ውሃ ልኩ በሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ይህ ይታወቃል፣ ሳህኑ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ነውና። ወለሉ ደልዳላ ሲሚንቶ ነበር። ከወለሉ እስከ ፓዱ የኋላ ጠርዝ፣ ከወለሉ እስከ ዘንጉ መሃል ተለክቶ ልዩነቱ ተወሰደ። ዘንጉ ከፓዱ 5 ኢንች ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ለእንዲህ ዓይነት ጀልባ መነሻ የሚሆነው 3.5 ኢንች አካባቢ ነው፤ አንዳንዶቹ ከዚያም ከፍ ይላሉ። 5 ኢንች ዝቅ ማለት የማርሽ ቤቱ ከሚገባው በላይ በውሃ ውስጥ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ በዚህ ፍጥነት በውሃው ውስጥ የሚጎተት እያንዳንዱ ግማሽ ኢንች ብረት ጉልበት ይበላል። መሪው የከበደውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ሞተሩ ጉልበት አላጣም፤ ጉልበቱን ለተሳሳተ ሥራ ያውለው ነበር።

ደረጃ በደረጃ ማንሳት

ፈተናው የተደረገው በመጀመሪያው ባለ 25 ፕሮፔለር ነው። ጭነቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ሁለት ሰው፣ ግማሽ ነዳጅ፣ የተለመደው ዕቃ፣ ባዶ የዓሣ ማቆያ ገንዳ። እያንዳንዱ ልኬት በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ተወስዶ አማካዩ ተመዘገበ፣ ነፋስና ሞገድ እንዳያሳስት። ነጂው የሕይወት ጃኬት ለብሶ፣ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከራሱ ጋር አስሮ ነበር። በየከፍታው ሞተሩ በትሪም ቀስ እያለ ተነስቶ ፍጥነቱ መጨመር ሲያቆም ቁጥሩ ተጻፈ።

5.0 ኢንች፦ 5,200 ዙር፣ 97.2 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 14.1 በመቶ፣ ግፊት 24 ፒ.ኤስ.አይ.
4.5 ኢንች፦ 5,290 ዙር፣ 99.8 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 13.4 በመቶ፣ ግፊት 24
4.0 ኢንች፦ 5,390 ዙር፣ 102.9 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 12.3 በመቶ፣ ግፊት 22
3.5 ኢንች፦ 5,480 ዙር፣ 105.7 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 11.4 በመቶ፣ ግፊት 19
3.25 ኢንች፦ 5,550 ዙር፣ 106.7 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 11.7 በመቶ፣ ግፊት 16
3.0 ኢንች፦ 5,650 ዙር፣ 106.4 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 13.5 በመቶ፣ ግፊት 11፣ መርፌው ይንቀጠቀጣል

ከ5 እስከ 3.5 ባለው ሁሉም ነገር አብሮ ተሻሻለ፤ ዙሩ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ስሊፑ ቀነሰ። 3.25 ላይ ፍጥነቱ አሁንም ጨመረ፣ ስሊፑ ግን ዞረ። 3.0 ላይ ዙሩ 100 ጨምሮ ፍጥነቱ ቀነሰ። ፕሮፔለሩ ከውሃው ወለል አየር መሳብ ጀምሯል ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ካቪቴሽን ተብሎ በስህተት ይጠራል። ካቪቴሽን ውሃው ራሱ በክንፉ ላይ በሚፈጠር ዝቅተኛ ግፊት የተነሳ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ነው፤ ክንፉንም እየቦረቦረ ይጎዳል። አየር መሳብ ግን የከፍታ፣ የትሪም ወይም የፕሮፔለር ቅርጽ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ሞተር የተያዘው ዝቅተኛ የውሃ ግፊት 12 ፒ.ኤስ.አይ. ነበር። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ቁጥር ስላለው ከመመሪያው ላይ ማየት ግድ ነው። በተለመደው የማርሽ ቤት የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባው በጎን ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ሞተሩ ሲነሳ እነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ውሃው ወለል ይጠጋሉ፣ ትሪም ሲጨመርም የበለጠ። 3.0 ላይ የመርፌው መንቀጥቀጥ አየር ከውሃ ጋር እየገባ መሆኑን ያሳያል። ፈተናው እዚያ ቆመ። ሞተሩ ወዲያው ሳይቃጠል ስለሄደ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ውሃ የጎደለው የፓምፕ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) በአጭር ጊዜ ያልቃል።

3.25 ላይ ሌላም ነገር ታየ። ጀልባው ከ105 ሲያልፍ ከጎን ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ፤ ሆዱ በጠባቡ ፓድ ላይ ብቻ ስለሚቆም ሚዛኑ ይሳሳል። መሪው ሲፈተሽ በሃይድሮሊኩ ውስጥ አየር ነበረ፣ ሞተሩም በእጅ ሲገፋ ጥቂት ይላወሳል። ስፑርጎ ተደርጎ አየሩ ሲወጣ ውዝዋዜው በአብዛኛው ጠፋ። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ይህ ጉድለት አይታይም ነበር።

ከፍ ሲል የመጣው አዲስ ችግር

ሞተሩ 3.5 ላይ ሲቀመጥ ባለ ጀልባው በጣም ተደሰተ። ሥራው ግን አላለቀም። የዓሣ ማቆያ ገንዳዎቹ ሞልተው፣ ነዳጁ ሙሉ ሆኖ ሲሞከር ጀልባው ለመነሳት ተቸገረ። ቀድሞ በ5 ሰከንድ ከውሃው የሚነሳው አሁን 8 ሰከንድ ፈጀ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፕሮፔለሩ ውሃ አይይዝም። በ60 ኪሎ ሜትር ጠበቅ አድርጎ ሲታጠፍም ይለቅ ነበር።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በፕሮፔለሩ በርሜል ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ላይ ወደቀ። እነዚህ ቀዳዳዎች በመነሻ ላይ ከጭስ ማውጫው ጥቂት ጋዝ ወደ ክንፎቹ እየለቀቁ ውሃውን ያሳሱታል፣ ሞተሩም ቶሎ ዙር እንዲይዝ ያግዙታል። ሞተሩ ጠልቆ ሳለ ይጠቅሙ ነበር። ከፍ ሲል ግን ፕሮፔለሩ ከላይም አየር ስለሚያገኝ ከሚገባው በላይ ሆነ። ቀዳዳዎቹ በራሳቸው የፕላስቲክ መድፈኛ ሲደፈኑ መነሻው ወደ 6.5 ሰከንድ ወረደ። ተሻሻለ፣ አልበቃም፤ መታጠፊያው ላይ መልቀቁም ቀጠለ።

ቀድሞ የተገዛው ባለ 23 ፕሮፔለርም በዚህ ከፍታ ተሞከረ። በፈተናው ጭነት 5,900 ዙር፣ 104.7 ኪሎ ሜትር። አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሲነዳ 6,000ን አለፈ። በጠለቀ ሞተር ላይ ልክ የመሰለው ፕሮፔለር ሞተሩ ከፍታውን ሲያገኝ ከአምራቹ ወሰን ወጣ። ገንዘቡ የባከነው ፕሮፔለሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለተሳሳተ ከፍታ ስለተመረጠ ነው።

የፕሮፔለር ምርጫ

ሃይድሮሊክ ጃክ ፕሌት ቢኖር መልሱ ቀላል ነበር፤ ሲነሱና ሲታጠፉ ዝቅ፣ ሲከንፉ ከፍ። እዚህ ግን አንድ ከፍታ ለሁሉም መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ፒቹ 24 የሆነ ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለር ተመረጠ። ተጨማሪው ክንፍ በማንኛውም ቅጽበት ውሃ ውስጥ ያለውን የክንፍ ስፋት ያበዛል፤ አንዱ ክንፍ ወደ ወለሉ ሲጠጋ ሌሎቹ ይይዛሉ። ዋጋውም አለው፤ ብዙ ክንፍ ብዙ ግጭት ስለሆነ ከጫፍ ፍጥነት ትንሽ ይወስዳል። የጀልባውን የኋላ ክፍል በይበልጥ ያነሳል፣ አፍንጫውን ግን ባለ ሦስቱን ያህል አያነሳም። ፒቹ በ1 ኢንች የቀነሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለ አራት ክንፍ በተመሳሳይ ፒች ሞተሩን የበለጠ ይጭነዋል።

ሲገጠም ዘንጉ ተጠርጎ አዲስ ግራሶ ተቀባ። አሮጌው ፕሮፔለር ሲወጣ ከውስጠኛው ሮንዴላ ኋላ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠቅልሎ ተገኘ። ክር ማኅተሙን ቆርጦ ውሃ ወደ ማርሽ ዘይቱ ያስገባል፤ ዘይቱ ሲታይ ግን ወተት አልመሰለም፣ በጊዜ ተደርሶበታል። ዳዶው በመመሪያው ልክ በቶርክ መፍቻ ጠበቀ።

3.5 ኢንች፦ 5,450 ዙር፣ 103.4 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 9.2 በመቶ፣ ግፊት 19
3.25 ኢንች፦ 5,540 ዙር፣ 105.1 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 9.2 በመቶ፣ ግፊት 16
3.0 ኢንች፦ 5,610 ዙር፣ 105.6 ኪ.ሜ.፣ ስሊፕ 10.0 በመቶ፣ ግፊት 12

ገንዳዎቹ ሞልተው 3.5 ላይ መነሻው 4.5 ሰከንድ ሆነ። መታጠፊያው ላይ መልቀቅ ቀረ። ጀልባው ከውሃው እንደተነሳ ሊሄድበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነትም ወረደ፤ ለሞገድ ቀን ይህ ከጫፍ ፍጥነት የበለጠ ጥቅም አለው።

የጸናው አቀማመጥ

ባለ አራት ክንፉ 3.25ን ያለ ችግር ቻለ። የመጨረሻው አቀማመጥ ግን 3.5 ሆነ። ልዩነቱ 1.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በሌላ በኩል 3 ፒ.ኤስ.አይ. ተጨማሪ የውሃ ግፊት ይገኛል፣ ሞገድ ላይ ጀልባው ሲዘል ያ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። በእጅ የሚስተካከል ጃክ ፕሌት ላለው፣ ጭነቱም በየቀኑ ለሚለያይ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ብቻውን ሲነዳ 5,700 ዙር ይደርሳል፤ ከወሰኑ በታች ነው።

ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱ በ6 ኪሎ ሜትር ያህል ጨመረ፣ መሪው ቀለለ፣ መነሻው ፈጠነ። ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። ሞተሩ ከፍ ብሎ ትሪሙ ሲጨመር መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ይህን ለማረም ከሳህኑ ሥር የተሠራችው ትንሽ ክንፍ በዚያ ከፍታ ከውሃው ስለምትወጣ አትሠራም። ነጂው በሁለት እጁ መያዝ አለበት።

ለሌላ ጀልባ የሚሸጋገረው

ቁጥሮቹ የዚህ ጀልባ ናቸው፤ ሌላ ሆድ፣ ሌላ ማርሽ ቤት፣ ሌላ ርቀት ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ ግን ይሸጋገራል፦ መጀመሪያ ጌጅና ጤንነት፣ ቀጥሎ ከፍታ በነበረው ፕሮፔለር፣ ከዚያ ፕሮፔለር፣ በመጨረሻ ከፍታውን በአዲሱ ፕሮፔለር እንደገና። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መቀየር የቱ እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

የጭነት ፈተና በሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል። ፕሮፔለሩ በሙሉ ጭነት ከአምራቹ የታችኛው ወሰን በታች እንዳይወድቅ፣ በቀላል ጭነትም ከላይኛው ወሰን እንዳያልፍ ተደርጎ ይመረጣል። ከፍ ባለ ቦታ ባለ ሐይቅ የሚነዳ ሰው ሌላ ነገር ማሰብ አለበት፦ ተርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በባሕር ወለል ልክ የነበረው ፒች እዚያ ይከብዳል።

ሞተሩ ሲነሳ የነዳጅ ቱቦዎች፣ የማርሽ ኬብልና የመሪ ቱቦዎችም አብረው ይነሳሉ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ትሪሙም ከታች እስከ ላይ ተንቀሳቅሶ የሚወጠር ወይም የሚቆነጠጥ ነገር አለመኖሩ ይታይ። የጃክ ፕሌቱ የጎን ቡሎኖች ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና በቶርክ መፍቻ ይፈተሹ። እዚህ ጀልባ ላይ ከአራቱ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ተጨማሪ ጠብቀዋል። በጃክ ፕሌቱ ላይም በመርፌ ጫፍ መስመር ተጭሮ ከጎኑ «3.5» ተጻፈ። ቡሎን ላልቶ ሞተሩ ቢንሸራተት መስመሩ ወዲያው ያሳያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለሚለካውም ሰው መነሻ ይሆነዋል።